ፌስታሉ የማን ጥፋት ነው?

በዚህ እትም ይዘን የቀረብነው ከክፍል ውስጥ የወጣ ጥያቄ ነው። ስለ ቆሻሻ አወጋገድና ስለ ደን መጨፍጨፍ ባስተማርን ቁጥር ከተማሪዎቻችን አንዱ እጁን ያወጣል። «መምህር፣ እኔ ፌስታል መያዝ ባቆም ምን ይለወጣል? ፋብሪካው እንደሆነ ማምረቱን አያቆም!» ይላል። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ሁሉም እንዳንተ እያሰበ እኮ ነው ምድር የቆሸሸችው» ትለዋለች። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ክርክሩ ሳያልቅ ደወል ይደወላል።

ይህ ክርክር የልጆች ብቻ አይደለም። ትላልቅ ምሁራንም የሚከራከሩበት ነው። ባጭሩ ስናስቀምጠው እንዲህ ነው፦ አካባቢያችን እንዲድን መለወጥ ያለበት እያንዳንዱ ሰው የሚገዛውና የሚጠቀመው ነገር ነው? ወይስ ሕጉ፣ ፋብሪካው፣ ዋጋውና አቅርቦቱ፣ ማለትም በጥቅሉ ሥርዓቱ ነው? እኛ መምህራን እንደምናየው ሁለቱም ወገኖች የያዙት ግማሽ እውነት ነው። ግማሹን ብቻ ማስተማር ግን ጉዳት አለው። ጉዳቱ የሚብሰው ደግሞ እንደ ስደተኛ ምርጫው ጠባብ በሆነ ሰው ላይ ነው። ማስረጃውን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ሞያሌ ላይ በእግር ተሂዶ የሚታይ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ከተማ፣ ሁለት ሕግ

ሞያሌ ድንበር ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። ሰሜኑ ኢትዮጵያ፣ ደቡቡ በኬንያ የማርሳቢት አውራጃ ነው። ሕዝቡ ግን ዘመዳማች ነው። ቦረናው፣ ጋብራው፣ ሶማሌው፣ ቡርጂው በሁለቱም በኩል አለ። እዚህ ያገባ እዚያ ወላጅ አለው፤ እዚያ የሚኖር እዚህ ይነግዳል። ባሕል፣ ቋንቋ፣ የኑሮ ደረጃ ይለያያል ብሎ ለመናገር ያስቸግራል።

ነሐሴ 28 ቀን 2017 ኬንያ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢት ማምረትን፣ ማስገባትን፣ መሸጥንና መጠቀምን ከለከለች። ቅጣቱ እስከ 4 ዓመት እስር ወይም እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ነው። በዓለም ከወጡት ተመሳሳይ ሕጎች ሁሉ ከባዱ ተብሎለት ነበር። ከዚያ በፊት የኬንያ ሱፐርማርኬቶች ብቻ በዓመት 100 ሚሊዮን ያህል ከረጢት ያድሉ እንደነበር የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ገምቷል።

በኢትዮጵያ በኩልስ? ሕግ አልነበረም እንዳንል ነበር። በ2007 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ ፌስታል እንዲመረትም ሆነ እንዲገባ ፈቃድ መስጠትን ይከለክላል። ይሁን እንጂ አዋጁ ወረቀት ላይ ቀረ። ከባለሱቅ እስከ ጉልት ቸርቻሪ ድረስ ግማሽ ኪሎ ስኳርም ሆነ አንድ መደብ ቲማቲም በፌስታል መስጠቱ ቀጠለ። አዲስ የተጠናከረ ሕግ በፓርላማ የጸደቀው በ2025 ነው። እንግዲህ በሁለቱ የኬንያና የኢትዮጵያ ሕጎች መካከል 8 ዓመት ገደማ አለፈ ማለት ነው።

አሁን አንዲት እናት በዚያ ጊዜ ውስጥ ወዲያ ማዶ ገበያ ወጣች እንበል። ሽንኩርቱን በፌስታል ተቀበለች። ኬላው ጋ ከመድረሷ በፊት ሽንኩርቱን ወደ ዘንቢሏ ገልብጣ ፌስታሉን ጣለችው። በማግስቱ እዚሁ ኬንያ በኩል ስትገበያይ ከቤቷ ዘንቢል ይዛ ወጣች። ጥያቄያችን ይህ ነው፦ የዚህች እናት ጠባይ በጥቂት መቶ ሜትር ውስጥ ተለወጠ ወይ? ማዶ ስትሆን ለአካባቢዋ ግድ የሌላት፣ እዚህ ስትሆን አሳቢ ሆነች ወይ? አልሆነችም። ያቺው ሴት ናት። የተለወጠው ባለሱቁ የሚያቀርብላት ዕቃ፣ ኬላ ላይ የሚጠብቃት ጥያቄና ጎረቤቶቿ እንደ ደንብ የያዙት ልማድ ነው።

«ሥርዓት» ስንል ይህንን ማለታችን ነው። ሥርዓት ማለት ሰው ሳያስብበት እንኳ እጁ ወደየት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚወስን ነገር ነው።

ሕጉ ግን ከሰማይ አልወረደም

እዚህ ላይ «እንግዲያውስ መንግሥት ያውጣልን እንጂ እኛ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ቆየት በሉ! የኬንያ ሕግ እንዴት እንደመጣ እንይ።

ኬንያ በ2007ም በ2011ም ስስ ከረጢቶችን ለመከልከል ሞክራ አልተሳካላትም። የአምራቾች ተቃውሞ ከባድ ነበር። በሌላ በኩል ግን ዝም ያላሉ ሰዎች ነበሩ። በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን የመሠረቱትና በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ በየሜዳው የሚጣለው ከረጢት ውኃ እያቆረ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል እያሉ ያስተምሩ ነበር። ናኩሩ በምትባለው ከተማ ደግሞ ጄምስ ዋኪቢያ የተባለ ፎቶ አንሺ የቆሻሻውን ክምር እያነሳ በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን ማሰራጨት ያዘ። የታረዱ ከብቶች ሆድ ሲከፈት ፌስታል መገኘቱም ተነገረ። ይህ እንኳን ለኛ ለከብት አርቢ አገር ማስረዳት የሚያስፈልገው አይደለም። ውሎ አድሮ የወቅቷ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ጁዲ ዋኩንጉ በየካቲት 2017 እገዳውን በጋዜጣ አስነገሩና የ6 ወር ጊዜ ሰጡ። የኬንያ አምራቾች ማኅበር 60,000 ሰው ሥራ ያጣል ብሎ ተቃወመ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደረሰ። እገዳው ግን በቀኑ ጀመረ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ዋኪቢያ ፌስታል መያዝ ብቻ አቁሞ ቢቀመጥ ኖሮ ከ100 ሚሊዮኑ ላይ በዓመት ጥቂት መቶ ቢቀንስ ነው። እሱ ግን ያየውን ለሌሎች አሳየ፤ ሌሎቹ ተቀባበሉት፤ ሚኒስትሯ ጆሮ ደረሰ። ማለትም የአንድ ሰው ምርጫ ክብደት የሚያገኘው በቤት ውስጥ ተደብቆ ሲቀር ሳይሆን ሌላው ዘንድ ሲደርስ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!

«ደንበኛ ንጉሥ ነው»

አገር ቤት ሳለን በየሱቁ ግድግዳ ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ እናነብ ነበር። ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሳንጨርስ የወጣን መምህራንም ይህንኑ ሐሳብ በኢኮኖሚክስ ትምህርት ተምረነዋል። ሸማቹ የፈለገውን ይገዛል፣ አምራቹም የተገዛውን ያመርታል ይላል ትምህርቱ። እንዲህ ከሆነ ለቆሻሻው ሁሉ ተጠያቂው ሸማቹ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን መደርደሪያው ላይ ያልተቀመጠውን ማን ይገዛል? ዘይት በፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ፣ ሳሙና በፕላስቲክ ብቻ፣ ብስኩት በፕላስቲክ ብቻ ከቀረበ «ንጉሡ» ምን መረጠ ይባላል?

ጥፋቱን ወደ ሸማቹ ማዞር ደግሞ ታሪክ አለው። በ1953 አሜሪካ ውስጥ «አሜሪካን ውብ አድርጉ» የሚል ትርጉም ያለው ድርጅት ተቋቋመ። ካቋቋሙት መካከል የመጠጥና የማሸጊያ ኩባንያዎች ነበሩበት። ድርጅቱ «ቆሻሻ አትጣሉ» እያለ ሕዝቡን ሲያስተምር ኖረ። ምክሩ ክፉ አይደለም። ይሁን እንጂ ጠርሙሱን እየሰበሰቡ መልሶ መጠቀም ትተው በአንድ ጊዜ የሚጣል ዕቃ ማምረት የጀመሩት ራሳቸው ኩባንያዎቹ መሆናቸው ተዘነጋ። በ2004 ደግሞ ቢፒ የተባለው ግዙፍ የነዳጅ ኩባንያ እያንዳንዱ ሰው በኑሮው ምን ያህል ካርቦን እንደሚለቅ የሚያሰላበት ዘዴ በድረ ገጹ ላይ አወጣ። ነዳጅ ሻጩ «አንተስ ስንት ታቃጥላለህ?» ብሎ ጠያቂ ሆነ ማለት ነው።

እስቲ ቁጥሩን እንይ። ኦክስፋም በ2015 ባወጣው ጥናት ከዓለም ሕዝብ እጅግ ሀብታም የሆነው 10 በመቶ በኑሮው ምክንያት ከሚለቀቀው የካርቦን ጭስ ግማሽ ያህሉን ይሸፍናል። ድሀ የሆነው የዓለም ግማሽ ሕዝብ ድርሻ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። መዘዙ የሚወርደው ግን በማን ላይ ነው? ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረና፣ በሰሜን ኬንያና በሶማሊያ 5 የዝናብ ወቅት በተከታታይ ጠፋ። በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። የዓለም የአየር ጠባይን የሚመረምሩ ሳይንቲስቶች በሚያዝያ 2023 ባወጡት ጥናት ሰዎች ያመጡት የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ 100 ጊዜ እንዳሳደገው ገልጸዋል። መኪና የሌለው፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቅ አርብቶ አደር ነው ከብቱን ያጣው። እንግዲህ ይህን ሰው «አኗኗርህን አስተካክል» ብሎ ትምህርት መጀመር ይከብዳል።

የማገዶው ጉዳይ

ወደ ራሳችን ኑሮ እንመለስ። በኬንያ መጠለያዎች አብዛኛው ስደተኛ የሚያበስለው በማገዶና በከሰል ነው። በየስብሰባው የሚነገረንም «ዛፍ አትቁረጡ» የሚል ነው። የአካባቢው ነዋሪም ቅሬታ አለው፤ እውነቱን ነው፣ ዛፉ የከብቱ ጥላና መኖ ነው።

ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራ። ራሽን ሲታደል ዱቄትና ቦሎቄ ይሰጣል። ቦሎቄ ጥሬውን አይበላም። በዳዳብ መጠለያዎች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማገዶ ሲታደል ቆይቷል፤ ዕደላው የሚሸፍነው ግን አንድ ቤተሰብ ከሚያስፈልገው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነበር። ሁለት ሦስተኛው ከየት ይምጣ? መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። እናት ወይም ሴት ልጅ ገመድ ይዛ ጫካ ትወጣለች። መንገድ ላይ የሚደርስባት ጥቃት በብዙ ሪፖርት የተጻፈ ነው። የማገዶ ቀን ደግሞ የትምህርት ቀን አይደለም። ማለዳ እንጨት ፍለጋ የወጣች ልጅ ስም ሲጠራ «አቤት» የሚል የለም።

እንግዲህ እቺ ልጅ ክፍል ስትመለስ «ዛፍ የሚቆርጥ ሰው የአካባቢ ጠላት ነው» የሚል ትምህርት ሰሌዳ ላይ ብታገኝ ምን ትማራለች? ጥፋተኛ መሆኗን ብቻ ነው። ምርጫ ሳይሰጣት ጥፋት ተሰጣት።

ሌላ ዓይነት አሠራር ግን ይቻላል። በኢትዮጵያ ጅጅጋ አጠገብ በሚገኘው የቀብሪበያህ የሶማሌ ስደተኞች መጠለያ ከ2005 ገደማ ጀምሮ በኤታኖል የሚሠራ ምድጃ ለቤተሰቦች ተሰጠ። ኤታኖሉ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሚተርፈው ሞላሰስ የተሠራ ነበር። ምድጃውን ያገኙ ቤቶች ጫካ መውጣት ቀነሱ። እናቶቹ ስለ ደን ስብከት ሰምተው አይደለም፤ የሚያበስሉበት ሌላ ነገር ስላገኙ ነው። እዚህም ላይ ታዲያ ማስተዋል ያለብን ነገር አለ። ምድጃ ብቻውን አይነድም። ኤታኖሉ በየጊዜው ከፋብሪካ እስኪመጣ ድረስ ምድጃው ባዶ ብረት ነው። ዕቃ ማደልና ሥርዓት መዘርጋት የሚለያዩት በዚህ ነው።

የኛው የማርሳቢት አውራጃም ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በሎይያንጋላኒ በኩል በቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 የነፋስ ተርባይኖች ቆመው 310 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ከኅዳር 2022 ጀምሮም ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ናይሮቢ አጠገብ ሱስዋ በሚደርስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መስመር ኬንያ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ትገዛለች። ንጹሕ ኃይል በአካባቢያችን አለ፣ ያልፋልም። ከሥሩ ያለው ምድጃ ግን ከሰል ነው። ይህን ልዩነት አንዲት እናት በራሷ ምርጫ ልታስተካክለው አትችልም።

ሕግም ብቻውን አይበቃም

ሥርዓት ይለወጥ ስንል ግን ሕግ ወጣ ማለት ሁሉ ነገር አለቀ ማለት አይደለም። ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል።

አንደኛ፣ የማይፈጸም ሕግ አለ። የ2007ቱን የኢትዮጵያ አዋጅ ከላይ አይተናል።

ሁለተኛ፣ ገበያው ብልህ ነው፤ አንዱ በር ሲዘጋ በሌላው ይገባል። ኬንያ ፌስታሉን ስትከለክል ጨርቅ የሚመስል ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ከረጢት ገበያውን ሞላው። ጥራቱ ወርዶ ያው ቆሻሻ ስለሆነ በመጋቢት 2019 መጨረሻ እሱም ታገደ። ከጎረቤት አገሮች በድብቅ የሚገባው ከረጢትም ባለሥልጣናቱን ሲያስቸግር ቆይቷል። ድንበር ያለ ጎረቤት ስምምነት ወንፊት ነው።

ሦስተኛና ዋናው፣ ቅጣት እኩል ቢጻፍም እኩል አይከብድም። ለፋብሪካ ባለቤት ጠበቃ የሚቆምለት ቅጣት ለጉልት ነጋዴ ሴት የኑሮዋ ማብቂያ ነው። ስለዚህ ክልከላ ሲመጣ ምትክ አብሮ መምጣት አለበት። ለድሀው የሚመች ርካሽ ዘንቢል፣ የሚመለስ ጠርሙስ፣ የሚታደል ማገዶ ወይም ጋዝ ሊኖር ይገባል። ምትክ የሌለው ክልከላ ድሀን መቅጣት ብቻ ይሆናል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

በ2022 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ ያወጣው ሪፖርት የክርክራችንን ሁለቱን ወገኖች ያስታርቃል። ሰዎች የሚበሉበት፣ የሚጓጓዙበትና ኃይል የሚጠቀሙበት መንገድ ቢለወጥ እስከ 2050 ድረስ ከነዚህ ዘርፎች የሚወጣው ጭስ ከ40 እስከ 70 በመቶ ሊቀንስ ይችላል ይላል። ግን አብሮ ያስቀመጠው ሁኔታ አለ፤ ይህ የሚሆነው ትክክለኛው ፖሊሲ፣ መሠረተ ልማትና ቴክኖሎጂ ሲኖር ነው። ስለዚህ የሰው ምርጫ ኃይል አለው፤ ኃይሉ የሚወጣው ግን በሩ ሲከፈትለት ነው።

እኛም ለክፍላችን ሥራውን በሦስት ከፍለነዋል።

1. በእጃችን ያለ። ቦሎቄን ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ድስትን መክደን፣ እንጨትን አድርቆና ሰንጥቆ መጠቀም፣ ምድጃን ከነፋስ መከለል፣ ወጥ ከወጣ በኋላ ፍሙን በአፈር ማጥፋት። ይህ ዓለምን አያድንም፤ ግን የአንድ ቀን እንጨት ለሁለት ቀን ካደረሰ አንዲት ልጅ አንድ ቀን ክፍል ትውላለች። ለዚህ ሲባል ብቻ እንኳ ይደረጋል።

2. በጋራ እጃችን ያለ። ጥቂት ቤተሰቦች ተባብረው በአንድ ምድጃ ተራ በተራ ቢያበስሉ፣ ወላጆችና ባለሱቆች ተስማምተው ዘንቢል ይዞ መምጣትን የብሎኩ ደንብ ቢያደርጉ፣ ተማሪዎች ዘንቢል መሥራት ከእናቶች ቢማሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

3. የምንጠይቀው። የማገዶው ራሽን ከምግቡ ራሽን ጋር ይመዛዘናል ወይ? ምድጃ ሲታደል የሚነደውስ ነገር በየወሩ ይመጣል ወይ? የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ለምን በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ አይሠራም? እነዚህን ጥያቄዎች በየስብሰባው በትሕትና፣ ግን በቁጥር አስደግፎ ማቅረብ ይቻላል። በሳምንት ስንት ሸክም እንጨት እንደሚነድና ስንት ልጅ በማገዶ ምክንያት እንደቀረች ተማሪዎቻችን ራሳቸው መዝግበው ሊያቀርቡ ይችላሉ። ይህ የሒሳብም ትምህርት ነው።

ብዙ ጊዜ ሰው የሚቀረው በመጀመሪያው ላይ ነው። ፍሙን በአፈር አጥፍቶ ሥራዬን ጨርሻለሁ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱን ዘልሎ ሦስተኛውን ብቻ ይዞ ይከራከራል፤ የሚሰማው ግን አያገኝም። ሦስቱ ተያይዘው ሲሄዱ ነው የሚጸኑት። ዘንቢል የያዘች እናት ስለ ዘንቢል ስትናገር ትደመጣለች።

እንግዲህ «ፌስታሉ የማን ጥፋት ነው?» ለሚለው መልሳችን ይህ ነው፦ ጥፋቱ በምርጫው ልክ ይከፈል። ብዙ ምርጫ ያለው ብዙ ይጠየቅ፤ ጥቂት ምርጫ ያለው በጥቂቱ ይጠየቅ፤ ምርጫ የሌለው ደግሞ አስቀድሞ ምርጫ ይሰጠው።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. ትናንት ቤታችሁ ከገባው ዕቃ ውስጥ በፕላስቲክ ያልታሸገ የትኛው ነው? ያለ ፕላስቲክ ልታገኙት የምትችሉትስ የትኛውን ነበር?

ለ. የኬንያው የ2017 እገዳ ሲሠራ የኢትዮጵያው የ2007 አዋጅ ያልሠራው ለምን ይመስላችኋል? ቢያንስ ሁለት ምክንያት ስጡ።

ሐ. በብሎካችሁ በሳምንት የሚነደውን እንጨት በሸክም ቁጠሩ። ለቅሞ የሚያመጣው ማን ነው? በስንት ሰዓት ይመለሳል?

መልሶቻችሁን በመምህሮቻችሁ በኩል ላኩልን። የሦስተኛውን ጥያቄ ውጤት ደምረን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን፤ ለሚመለከታቸው ኃላፊዎችም እናቀርበዋለን። ደህና ሰንብቱ።